ባለ ሁለት በሩ ፎልደር

መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው አይሸወድም ይባላል። ውሸት ነው። እኔ ሸማ ተራ ጀርባ ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ እዚያው ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ፤ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ራሴን በራሴ ሸወድኩ። ያደረግኩትን ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም፤ አፍሬ። አሁን እፍረቱ ለቅቆኝ ምስጋናው ስለበረታብኝ፣ ደግሞም የእናንተም ቤት ኮምፒውተር ስለማይጠፋ፣ ቁጭ ብዬ ላጫውታችሁ።

ስሜ ሃና ነው። በዚያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አንድ የቆየ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ሲያልቅ በስተግራ፣ ጠረጴዛና ወንበር ካስገቡባት በኋላ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ክፍል ነበረችኝ። ዛሬም አለችኝ። ሥራዬ የኮምፒውተር ጥልፍ ነው። ጥልፍ ማሽኑ የሚያነበውን ሥዕል የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ማሽኑ ከዊንዶውስ ሌላ ቋንቋ አይገባውም፤ እኔ ደግሞ ኮሌጅ የተማርኩት ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ክር የሚቆጥሩልኝንና ሥዕል የሚያስተካክሉልኝን ትንንሽ ፕሮግራሞች የጻፍኩትም በሱ ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱ ሆድ ውስጥ ሊኑክስ የሚመስል ሌላ ቤት ሠራሁ። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ማስቀመጥ በሉት። አንደኛው ዕቃውን ሲ እና ዲ ብሎ ለያይቶ ያስቀምጣል። ሌላኛው ሁሉንም ከአንድ ሥር አስነስቶ በቅርንጫፍ ይደረድራል፤ ፕሮግራሙ በአንድ ቅርንጫፍ፣ ቅንብሩ በሌላ፣ የሰውየው የግል ዕቃ ደግሞ ሆም በሚባለው።

ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ደስ የሚል ሥርዓት ነው። እኔ ጋ ግን ሥርዓት አልነበረም። ጠባዬ ችኩል ነው፤ እናቴ ስታሳድገኝ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ያላለችበት ቀን የለም። የፎልደሮቼ ስም "አዲስ"፣ "አዲስ ሁለት"፣ "የመጨረሻ"፣ "እውነተኛው የመጨረሻ" ነበር። ሰው ቢያይብኝ እግሩን አጥፎ ያለቅስ ነበር።

አሁን ጋሽ ዘነበን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ዘነበ ሸማኔ ናቸው። በልጅነታቸው ከጨንቻ መጥተው ዕድሜያቸውን ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ ነው የኖሩት። ጥለት በማውጣት፣ ማለትም በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ ያለውን ጌጥ ከራሳቸው አፍልቀው በመሥራት፣ እኩያ የላቸውም። ዓይናቸው ደክሞ ብርሃንና ጥላ ብቻ ሲቀርላቸው መወርወሪያቸውን ሰቀሉ። ልጃቸው አስቴር ጥለቶቹ ከእሳቸው ጋር እንዳይቀበሩ ብላ ወደ እኔ አመጣቻቸው።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። አስቴር አባቷ ድሮ የሸመኑላቸው ሰዎች ቤት እየዞረች ያረጀ ነጠላ ትዋሳለች። ጠርዙ ላይ የጥለቱን ስም የጻፈችባትን ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ታያይዛለች። እኔ ስካን አድርጌ፣ ክሩን ቆጥሬ፣ በካሬ በካሬ ሥዕል አደርገዋለሁ፤ አንዱ ካሬ አንድ ክር። ወረቀቷ ላይ ያለውን ስም የፋይሉ ስም አድርጌ እጽፋለሁ። ከዚያ ነጠላው ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ወረቀቷ ትጣላለች። ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ስንሠራ ከሦስት መቶ በላይ ጥለት ተከማቸ።

በዚያ ሰሞን ጨንቻ አካባቢ ለወጣት ሸማኔዎች የሚሆን ማሠልጠኛ ሊከፈት ነበር። ልጆቹ በጋሽ ዘነበ ጥለት እንዲማሩ የማሠልጠኛው ሰዎችና አስቴር ተስማምተዋል፤ አስቴር ዓርብ ንጋት በአውቶቡስ ይዛው ልትሄድ ትኬት ቆርጣለች። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ሲሸምኑ ስማቸው አንድ ቦታ ተጽፎ አያውቅም። ለባሹ ይመሰገናል፣ ሻጩ ይመሰገናል፣ ሸማኔውን የሚጠይቅ የለም። አሁን ሥራቸው ከነስሙ ለልጅ ሊተላለፍ ነው። ደስታቸውን ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት "ይህን የመሰለ ሥራ ከዚህ ሁሉ ግሳንግስ ጋር አላስረክብም" ብዬ ተነሣሁ። ኮምፒውተሬን ላጸዳ፣ ሁሉን በየቅርንጫፉ ላስገባ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። ፕሮግራሞቼን በቦታቸው፣ ቅንብሩን በቦታው፣ "እውነተኛው የመጨረሻ"ን ወደ ቆሻሻ። ዲስኩ ሊሞላ ትንሽ ስለቀረው ድግግሞሽ እየፈለግኩ አጠፋ ነበር።

እንዲህ ስል ሁለት "ጥለት" የሚባል ፎልደር አገኘሁ። አንደኛው በዊንዶውሱ በኩል ዲ ላይ ነው። ሌላኛው በሊኑክሱ በኩል ሆም ውስጥ ነው። ከፈትኳቸው፤ አንድ ዓይነት ናቸው። እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ልሁን ብዬ ቆጠርኩ። ዲ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት። ሆም ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት። መጠናቸውም እኩል። "ጎበዝ ሃና፣ ኮፒ ይዘሻል ማለት ነው" አልኩ። ዋናው ዲ ላይ ይቀመጥ፣ ኮፒው ይጥፋና ቦታ ይገኝ። ሊኑክስ ደግሞ "እርግጠኛ ነሽ ወይ?" ብሎ ሳይጠይቅ ፎልደር ከነሆዱ የሚጠርግ ትእዛዝ አለው። ጻፍኩት። ጨርሶ መልስ ለመስጠት ዓይን እስኪጨፈን አልቆየም።

ከዚያ ዲ ላይ ያለውን ከፈትኩ። ባዶ ነው።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ኮምፒውተሩ ደክሞት ነው ብዬ ዘግቼ ከፈትኩት። ባዶ። በሌላ በኩል ገባሁ፤ ባዶ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ከብዙ ወራት በፊት ፕሮግራሞቼ ጥለቶቹን በቀላሉ እንዲያገኟቸው ብዬ ዲ ላይ ላለው ፎልደር ሆም ውስጥ በር ቆርጬለት ነበር። ኮፒ አልነበረም። ያው አንዱ ነው፤ በሌላ በር ሲገቡበት።

መርካቶ ውስጥ በሁለት ጎዳና በር ያለው ሱቅ ታውቃላችሁ። ገጠሬው ደንበኛ በአንዱ በር ገብቶ ይከራከራል፣ ተናድዶ ይወጣል፣ ዞሮ በሌላው በር ይገባና "እዚያ ማዶ ያለው ሰውዬ ከዚህ ይረክሳል" ይላል። እኛ የሰፈሩ ልጆች በዚህ ስንስቅ ነው ያደግነው። እኔ ደግሞ ያንኑ ሱቅ በሁለት በር ገብቼ፣ ሁለቴ ቆጥሬ፣ ሁለት ሱቅ አለኝ ብዬ አንዱን አፈረስኩት። ወይ ነዶ!

የሪሳይክል ቅርጫቱን አየሁ፤ ያ ትእዛዝ በዚያ በኩል አያልፍም፣ ባዶ ነው። የጠፋ ፋይል ይመልሳል የሚባል ፕሮግራም ፈልጌ ማውረድ ጀመርኩ። እየወረደ ሳለ ሲኒማ ራስ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ፈይሰል ለሚባል ጓደኛዬ ደወልኩ። ኮሌጅ አብረን ነው የተማርነው።

"ፈይሰል፣ ጉድ ሆኛለሁ።"

"ምን ሆንሽ ደግሞ?"

"የጋሽ ዘነበን ጥለት አጠፋሁት።"

"ፍላሹን ጣልሽው?"

"አጠፋሁት እኮ ነው የምልህ። በገዛ እጄ፣ በትእዛዝ።"

"አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ምን እየሠራሽ ነው?"

"መመለሻ ፕሮግራም እያወረድኩ ነው።"

"የት ላይ? እዚያው ዲስክ ላይ?"

"ሌላ ምን አለኝና?"

"ሃኒ፣ ሶኬቱን ንቀዪው።"

"ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ነው የቀረው..."

"ንቀዪው አልኩሽ እኮ። አሁኑኑ። ተሸክመሽው ነይ።"

ነቀልኩት። ኮምፒውተሩን በደረቴ አቅፌ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ደረጃውን ወረድኩ። ሸማ ተራ በዚያ ሰዓት እንዴት እንደሚጨናነቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከፊቴ ተሸካሚዎች ቦንዳ ጨርቅ ጭነው "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" ይላሉ፤ እኔም ከኋላቸው ገብቼ እንደነሱ እጮኻለሁ። አንዱ ተሸካሚ ዞሮ አየኝና "እህት፣ ምንድነው እንዲህ ያቀፍሽው? ልጅ ነው እንዴ?" አለኝ። መልስ ለመስጠት ስሞክር እንባዬ መጣ። ሰውየው ሸክሙ ጀርባው ላይ እንዳለ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሕዝቡን እየከፈለ አሳለፈኝ። ስሙን አላውቅም፤ ባለበት እግዜር ይስጠው።

ፈይሰል ዲስኩን ፈትቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ።

"ቁጭ በይ፤ ላዬ ላይ አትቁሚብኝ" አለ። "ስሚ፣ ጥለቱ አሁንም እዚያው በነበረበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ያጠፋሽው ዝርዝሩን ነው። ዕቃው መደርደሪያው ላይ አለ፤ ግን 'ይህ መደርደሪያ ባዶ ነው' ብለሽ ስለለጠፍሽበት የመጣ ዕቃ ሁሉ ላዩ ላይ ይጫንበታል። ለዚህ ነው ንቀዪው ያልኩሽ።"

"ያወረድኩትስ?"

"እሱ የትኛው ላይ እንደተጫነ አላህ ነው የሚያውቀው። ሂጂና ነገ ነይ። ይህ ጊዜ ይፈልጋል።"

ያን ቀን ምን እንደበላሁ፣ ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ደወለልኝ፤ እየሮጥኩ ሄድኩ። ፈይሰል ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና "አልሐምዱሊላህ በይ" አለኝ። ከሦስት መቶ አሥራ ሰባቱ ሦስት መቶ ሦስቱ ተመልሰዋል። አሥራ አራቱ አይከፈቱም። አንገቱን አቅፌ ልስመው ስል ገፋ አደረገኝ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስም የላቸውም።"

"ማለት?"

"ዝርዝሩ ጠፍቷል አልኩሽ አይደል? ሥዕሉ ተመልሷል፤ ስሙና ፎልደሩ ግን የለም። ቁጥር ነው የሰጣቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል።"

ከፈትኳቸው። ሦስት መቶ ሦስት የካሬ ሥዕል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቅ፣ ነጭ። ለእኔ ሁሉም ይመሳሰሉብኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስማቸውን ስጽፍ አንዱንም በልቤ አልያዝኩትም። ወረቀቶቹ ተጥለዋል። ነጠላዎቹ በየቤቱ ተበትነዋል። ዓርብ ንጋት አውቶቡሱ ይነሣል።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልንገራችሁ። ሰይጣን ጆሮዬ ላይ መጣ። አስቴር ሦስት መቶ ስም አታስታውስም። ጋሽ ዘነበ አያዩም። ከራሴ ስም እየፈጠርኩ ብሰጣቸው ማን ያውቃል? ይህን ሳስብ ፈይሰል ፊቴን አንብቦ ነው መሰል ከኮምፒውተሩ ዞር አለ።

"ንገሪያቸው" አለኝ።

"ምን ብዬ?"

"እንደሆነው። እኔ የአንድ ሰውዬ ፎቶ አጥፍቼ 'ዲስክህ ድሮም የተበላሸ ነበር' ብዬ ዋሽቻለሁ። ሰውየው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ አቅፎ ሰላም ይለኛል። ያ ሰላምታ ነው የሚገርፈኝ።"

ጋሽ ዘነበ ረቡዕ ረቡዕ ሸማ ተራ ይመጣሉ፤ ሥራ ቢያቆሙም የድሮ ጓደኞቻቸውን ሳያገኙ አይውሉም። ከዚያ እኔ ጋ ብቅ ሳይሉ አይሄዱም። ክፍሌ ደርሼ ዲስኩን መልሼ አስገጥሜ ሳልጨርስ የከዘራቸውን ድምፅ ደረጃው ላይ ሰማሁ። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው የሚወጡት።

"ሃና፣ አለሽ?"

"አለሁ ጋሼ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ። "አስቴር ሻንጣ እያሰናዳች ነው። አንቺስ ጨረስሽ?"

"ጋሼ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።"

ነገርኳቸው። ስለ ሁለቱ በር፣ ስለ ቆጠራው፣ ስለ ትእዛዙ፣ ስለ አሥራ አራቱ፣ ስለ ስሞቹ። ሰይጣን ጆሮዬ ላይ ያለኝንም ነገርኳቸው፤ ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፣ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። ጨርሼ ስድባቸውን ጠበቅኩ። ቢረግሙኝም አይገርመኝም ነበር።

ከዘራቸውን በመዳፋቸው አሸት አሸት አደረጉ። ከውጭ የመንገዱ ጫጫታ ይሰማል። በኋላ "ስንት ተረፈ አልሽኝ?" አሉ።

"ሦስት መቶ ሦስት።"

"የክሩ ቁጥር እንዳለ ነው?"

"እንዳለ ነው ጋሼ። ስሙ ነው የሌለው።"

"ስሙንማ ማን አወጣው? እኔ አይደለሁ እንዴ?" ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። "ቁጠሪልኝ እስቲ።"

የመጀመሪያውን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። "ቀይ ሦስት፣ ባዶ አንድ፣ ወርቅ አምስት፣ ባዶ አንድ፣ ቀይ ሦስት።" ጣቶቻቸው ድር እንደሚነካኩ ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ ፈገግ አሉ።

"ይቺ የወይዘሮ ብርቄ ናት። ጉለሌ ናቸው። ትልቋ ልጃቸው ስትዳር የሠራሁላት። ወርቁ ይብዛ ብለው አስቸገሩኝ፤ እኔ ደግሞ በዝቶ ልጅቷን እንዳይጋርዳት ባዶ እየጣልኩበት አሳነስኩት። ቀጥዪ።"

ቀጠልኩ። ሦስት መስመር ባነበብኩ ቁጥር ስም ይወጣል፤ ከስሙ ጋር ሰው፣ ከሰውየው ጋር ቤት። አንዱ ጥለት ለአንድ ቄስ ሚስት ነው፣ ባሏ ሲሞት ጠርዙ ያልጮኸ ይሁንልኝ ብላ ያሠራችው። አንዱ ክር ያጠረ ጊዜ ካለችው ሁለት ቀለም ብቻ የወጣ ነው፤ ሰው ሁሉ በኋላ ያንን አምጣልኝ እያለ ችግሩን ፋሽን አደረገው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን "ጋሼ፣ ይቺን ለማን ነው የሠሯት?" ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ስካነሩን ነበር የማየው።

ሐሙስ በጠዋት ተመለሱ። አሁን ጥያቄ መጣ፤ እንዴት ይደርደር? እኔ በቀለም ልከፋፍላቸው አልኩ።

"ቀለም ምን ይጠቅማል?" አሉ። "እኛ ክር ሻጩ ያመጣልንን ነው የምንሸምነው። ዛሬ ቀይ፣ ነገ ሰማያዊ ይሆናል።"

"በዓመተ ምሕረት እናድርገው?"

"እሱን ማን ያስታውሳል። በሰው አድርጊው። ሰፈሩን፣ ቤቱን፣ ከዚያ ሰውየውን። ሸማኔ ጥለቱን የሚያስታውሰው በለባሹ ነው።"

አደረግኩት። ሊኑክሱ የሚወደው ነገር ደግሞ ይኸው ነው፤ ከሥር ተነሥቶ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መውረድ። የአንዱን ፋይል ሙሉ አድራሻ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ "ዘነበ፣ ጉለሌ፣ ወይዘሮ ብርቄ ቤት፣ ትልቋ ልጅ፣ ሠርግ።" ሳቁ። "እንዲህማ ከሆነ ፖስታ ይደርሳል" አሉ።

ወደ ማብቂያው ስንቃረብ አንድ ፋይል ከፈትኩ። "አረንጓዴ አንድ፣ ባዶ ሁለት፣ ወርቅ አራት፣ ባዶ ሁለት፣ አረንጓዴ አንድ።"

ጣታቸው ቆመ። "ድገሚው።"

ደገምኩት። ቀጣዩን መስመርም አነበብኩ።

"ይቺ የኔ አይደለችም።"

ሥዕሉን ትኩር ብዬ ሳየው ፊቴ እሳት ሆነ። የኔ ናት። አንድ ክረምት ሥራ ጠፍቶ ቁጭ ባልኩበት ጊዜ የእሳቸውን እያየሁ የሞከርኳት ናት። ማንም አላያትም። እዚያው ፎልደር ውስጥ ሸጉጬ ረስቻት ነበር። ስሟ ሳይጠፋ ቢሆን ኖሮ ገና ስሟን ሳይ አልፌያት እሄድ ነበር።

"ማናት?" አሉኝ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ የኔ ናት። ቀልድ ነው፤ አጠፋታለሁ።"

"አንቺ ማጥፋት ትወጃለሽ ልበል?" አሉ። ጣታቸው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ፤ አረንጓዴውን፣ ባዶውን፣ ወርቁን ጉልበታቸው ላይ ሸመኑት። "አራት ክር መሐል የለውም። ለባሿ ነጠላውን ስታጥፈው ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ወርቁን ሦስት አድርጊውና መሐል ስጪው።"

አንዱን ካሬ አጠፋሁ። ሥዕሉ ዓይኔ እያየ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"አሁን ጥለት ሆነች" አሉ። "በይ አስቀምጫት።"

"የት ጋሼ? የርስዎ አይደለችም እኮ።"

"የኔ ብትሆንማ ስም አወጣላት ነበር። ከነዚያ ጋር አስቀምጫት። ለራስሽም እንደነሱ ቤት ክፈቺ።"

እናቴ ጥልፍ ስትቸረችር፣ እኔ የሰው ሥዕል ለማሽን ስገለብጥ፣ ከእኔም አንድ ነገር ሊወጣ ይችላል ብሎ የነገረኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። "ዘነበ፣ ሸማ ተራ፣ ሃና" ብዬ ጻፍኩ።

ያልተከፈቱትን አሥራ አራቱንም የፈለጓቸው እሳቸው ናቸው። ሰፈር በሰፈር በሐሳባቸው እየዞሩ ያልተጠራውን ቤት ለቀሙ። አሥራ ሁለቱን ክር በክር ነገሩኝ፤ እኔ ካሬ ሞላሁ። ሁለቱን ግን ማስታወስ አቃታቸው። "እነሱ ይሂዱ" አሉ። እነዚያ ሁለቱ ዛሬም ያንገበግቡኛል።

ሐሙስ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስቴር መጣች። የሆነውን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ፤ "ነጠላ ስለምን የዞርኩት ደጅ ሁሉ..." ብላ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። መብቷ ነው። አባቷ ግን "ነይ ስሚ" አሏት። አድራሻዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት። "ዘነበ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ቤታችን፣ አስቴር፣ ክርስትና" የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። ከሰው ቤት ተውሳ ያመጣችው ያ ጥለት መጀመሪያ ለእሷ ክርስትና የተሸመነ መሆኑን እስከዚያ ሰዓት አታውቅም ነበር። ወደ እሳቸው ዞራ "ለምን አልነገርከኝም?" አለች። "አልጠየቅሽኝም" አሏት። ዓርብ ንጋት ይዛው ሄደች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ቀላሉን ልበል። ዛሬ የጋሽ ዘነበ ጥለት በሦስት ዲስክ፣ በሦስት ሰፈር ይቀመጣል፤ አንዱ ፈይሰል ጋ ነው። እናንተም ሁለት ፎልደር ስላያችሁ ሁለት ነገር አለን ብላችሁ አትተኙ። አንዱን ንቀሉት፣ ሌላ ቤት ውሰዱት፣ እዚያ ይከፈት እንደሆነ እዩ። መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ እኔ ቆጥሬ ነው ያጠፋሁት።

ዋናው ግን ይህ አይደለም። እኔ ያንን ፎልደር ሳላጠፋ ብቀር ኖሮ አስቴር ከሦስት መቶ በላይ ደረቅ ስም ይዛ ትሄድ ነበር። ጋሽ ዘነበም እንደልማዳቸው ደረጃዬን ወጥተው፣ ሰላም ብለውኝ፣ ወርደው ይሄዱ ነበር። ጥፋቴ ጎበዝ አደረገኝ ብዬ አላወራም፤ ሁለት ጥለት ገድያለሁ። ግን እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለውን ያኔ ገባኝ። ፈይሰልን፣ ያንን ተሸካሚ፣ ከሁሉም በላይ ሊረግሙኝ ሲችሉ "ቁጠሪልኝ" ያሉኝን ሰው ሳስብ የማመሰግንበት ቃል ያጥረኛል። አሁን ረቡዕ ረቡዕ ሲመጡ ስካነሩ ይዘጋል፤ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እጠይቃለሁ። በስሜ የተከፈተው ቤት ውስጥም ዛሬ ከሃያ የማያንሱ ጥለቶች አሉ። ሁሉንም ክር በክር አንብቤላቸው፣ እሳቸው በጉልበታቸው ላይ ሸምነው ያሳለፏቸው ናቸው።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ሸማ ተራ ውስጥ ሳልፍ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ሆና ነጠላ ትመርጣለች። የያዘችው ጠርዝ አረንጓዴ አንድ፣ ባዶ ሁለት፣ ወርቅ ሦስት ነበር፤ የጨንቻ ልጆች ሸምነዋት መሆን አለበት። ቆምኩ። እናትየዋ "ይቺ የማን ሥራ ናት?" ብላ ሻጩን ጠየቀችው። ሸማኔው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

"የሽሮ ሜዳው የጋሽ ዘነበ ጥለት ናታ" አላት ሰውየው፣ ኮራ ብሎ። "እጃቸውን አታውቂውም እንዴ?"

የኔ ናት ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ልጅቷ ነጠላውን አጥፋ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፤ ወርቁም መሐሉ ላይ አረፈ። ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።